ሰማይ ይታረሳል፣ ካፒቴንም ይጠየቃል

"ስታድግ ምን መሆን ትፈልጋለህ?" ሲባል አንድ ቀን እንኳን "ፓይለት!" ብሎ ያልመለሰ የከተማ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። እኛ አገር "ዶክተር" እና "ፓይለት" የሙያ ስም ብቻ አይደሉም፤ እንግዳ ሲመጣ የሚቀርቡ መልሶች ናቸው። ልጁ "ፓይለት" ይላል፤ እንግዳው "ጎበዝ!" ይላል፤ እናት ትኮራለች፤ ከእንግዳው ኪስም የከረሜላ ብር ትወጣለች። ከዚያ ሁሉም ይረሳዋል። አብዛኞቻችን አድገን የሂሳብ ሠራተኛ፣ አስተማሪ፣ ነጋዴ... ወይም እንደ እኛ ጫጫሪ ሆነን እንቀራለን።

ጥቂቶች ግን አይረሱትም። ማስታወቂያ ሲወጣ የትምህርት ማስረጃቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ቁመታቸው ይለካል፣ ዓይናቸው ይመረመራል፣ እንግሊዝኛቸው ይፈተሻል፣ በቃለ መጠይቅ ይፋጠጣሉ። ያለፈውን ልጅ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ገና ደብተር ሳይገዛ "ካፒቴን" እየተባለ ይጠራል። ስለ ዩኒፎርሙ ይወራል፣ ስለ ደሞዙ ይወራል፣ ስለሚያያቸው አገሮች ይወራል። ገብቶ ስለሚማረው ነገር ግን የሚጠይቀው የለም።

እኛ ዛሬ ማውራት የፈለግነው ስለዚህ ስለማይጠየቀው ነገር ነው። ሐሳባችንን ከወዲሁ እናስቀምጠው፦ የፓይለት ትምህርት ቤት ከሚያስተምራቸው ነገሮች ሁሉ ከባዱ ማብረር አይደለም፤ መናገር ነው። እኛ ደግሞ ወደዚያ ትምህርት ቤት የምንገባው አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ ዝም ማለትን ተምረን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰማዩንስ አርሰነዋል

አባቶቻችን "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ይሉ ነበር። ሁለት የማይቻሉ ነገሮችን በአንድ አረፍተ ነገር ጠቅልለው አስቀመጡልን። የመጀመሪያው ግማሽ ከፈረሰ ቆይቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 ተቋቁሞ በ1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ፣ ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ውል ነበርና አብራሪዎቹም ከዚያው የመጡ ነበሩ። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በካፒቴንነት መንበር ላይ ተቀመጡ። በ1964 አየር መንገዱ የራሱን የፓይለት ማሠልጠኛ ከፈተ። ያ ማሠልጠኛ ዛሬ የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል፤ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ወጣቶችም ይማሩበታል። በ2010 ደግሞ አምሳለ ጓሉ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። ሰማዩ ታርሷል ማለት ነው።

ሁለተኛው ግማሽስ? "ንጉሥ አይከሰስ" የሚለው? እሱ ገና በውስጣችን አለ። ንጉሡ ተለውጧል እንጂ። አንዳንዴ አስተማሪ ነው፣ አንዳንዴ አለቃ ነው፣ አንዳንዴ አባት ነው። አውሮፕላን ውስጥ ሲሆን ደግሞ በግራ በኩል ባለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ትከሻው ላይ አራት መስመር አለው።

እጅ በስንት ሰዓት ይማራል?

በመጀመሪያ ትምህርቱ ምን እንደሚመስል እንይ። አዲስ ሠልጣኝ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው ክፍልና ጥቁር ሰሌዳ ነው እንጂ አውሮፕላን አይደለም። የአየር ጠባይ፣ የበረራ አቅጣጫ ስሌት፣ ክንፍ ለምን እንደሚያነሳ፣ ሞተር እንዴት እንደሚሠራ፣ የአየር ሕግ፣ የሰው አካልና አእምሮ በከፍታ ላይ ምን እንደሚሆን... ይማራል። ከሬዲዮ ጋር የሚነጋገርበት እንግሊዝኛም አለ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከ2008 ጀምሮ ዓለም አቀፍ በረራ የሚያደርግ ፓይለት ከ6 ደረጃዎች ቢያንስ 4ኛው ላይ እንዲደርስ ይጠይቃል።

ከዚያ ትንንሾቹ አውሮፕላኖች ይመጣሉ፤ እንደ ሴስና 172 እና ዳይመንድ ያሉ ባለ አንድ ሞተሮች። አዲስ አበባ ላይ የሚማር ልጅ ገና ከጅምሩ አንድ ነገር ይገባዋል፦ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል፤ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም ለመነሳት ረዘም ያለ ሩጫ ይፈልጋል። ጠጠር ያለ ከሰዓት ፀሐይ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። የባሕር ዳርቻ ልጆች በመጽሐፍ የሚያነቡትን እሱ በመቀመጫው ይሰማዋል።

አንድ ቀን ደግሞ አሠልጣኙ በሩን ከፍቶ ይወርድና "በል፣ ብቻህን ዞረህ ና" ይለዋል። ይህቺ ብቸኛ በረራ ነች ለዘላለም የምትወራው። ከዚያ በኋላ የሌሊት በረራ፣ ውጭ ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ ማብረር፣ ከከተማ ከተማ መሄድ፣ ባለ ሁለት ሞተር... ይቀጥላል። ዓለም አቀፉ ዝቅተኛ መስፈርት ለንግድ በረራ ፈቃድ 200 የበረራ ሰዓት ነው፤ በተፈቀደለት ማሠልጠኛ በተከታታይ ለተማረ 150 ይበቃል። ገና ከመጀመሪያው ለትልልቅ አውሮፕላን ረዳት አብራሪነት ተብሎ የተዘጋጀው ሌላኛው የፈቃድ ዓይነት ደግሞ በአየር ላይና በሲሙሌተር ተደምሮ 240 ሰዓት ይጠይቃል። ቀጥሎ ለሚያበረው የአውሮፕላን ዓይነት ለብቻ ይሠለጥናል።

እና ከዕለታት አንድ ቀን ሃያ ሦስት ወይም ሃያ አራት ዓመቱ ላይ በስተቀኝ ያለው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ከኋላው ከመቶ በላይ ሰው አለ። በስተግራው አባቱን የሚያክል ሰው አለ። ጨዋታው የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

አንዱ ያበራል፣ አንዱ ይጠብቃል

ብዙዎቻችን ረዳት አብራሪ ማለት የካፒቴኑ ተላላኪ ይመስለናል፤ ልክ እንደ ታክሲ ረዳት "ወራጅ አለ!" የሚል። አይደለም። በአንድ በረራ ላይ ከሁለቱ አንዱ ያበራል፤ ሌላው ይከታተላል። በሚቀጥለው በረራ ሊቀያየሩ ይችላሉ። የሚከታተለው ሰው ሥራው ማየትና መናገር ነው። ፍጥነት ከተባለው ወረደ? ይናገራል። አውሮፕላኑ ከሚገባው በላይ ወደ ጎን አዘነበለ? ይናገራል። ለማረፍ እየተጠጉ ነገሮች ካልተስተካከሉ "እንደገና እንነሳ" ይላል። ያልተናገረ ተከታታይ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሻንጣ ነው።

ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን ሰው ዝም ይላል? እስቲ ወደ ታሪክ እንሂድ።

እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977፣ ቴኔሪፍ የምትባል የስፔን ደሴት ላይ፣ ጉም። የኬ.ኤል.ኤም. 747 አውሮፕላን ለመነሳት ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ቆሟል። ካፒቴኑ ተራ ሰው አይደለም፤ የኩባንያው የ747 አብራሪዎች አሠልጣኝ ነው፤ አጠገቡ የተቀመጠውን ረዳት አብራሪ ፈትኖ ያሳለፈውም እሱ ነበር። ሞተሩን ከፍ ሲያደርግ ረዳቱ "ገና ፈቃድ አላገኘንም" ብሎ አንድ ጊዜ መለሰው። ካፒቴኑ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ግን እንደገና ከፍ አደረገ። በዚህ ሁለተኛ ጊዜ ረዳቱ አጥብቆ አልተናገረም። ከኋላ የተቀመጠው የበረራ መሐንዲስ ሌላው አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀ፤ ካፒቴኑ በእርግጠኝነት "አዎ" አለ። ጥያቄው እዚያው ሞተ። ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ጉሙ ውስጥ ከነበረው የፓን አም 747 ጋር ተላተሙ። 583 ሰው አለቀ። በአቪዬሽን አደጋ ታሪክ ይህን የሚያህል የለም።

በቀጣዩ ዓመት፣ ዲሴምበር 1978፣ አሜሪካ ፖርትላንድ አጠገብ አንድ የዩናይትድ አየር መንገድ ዲ.ሲ. 8 የማረፊያ እግሩ ስላጠራጠረው በሰማይ ላይ መዞር ያዘ። ካፒቴኑ እግሩን ሲያስብ ነዳጁ አለቀ። ሌሎቹ የበረራ ሠራተኞች ነዳጁ እየወረደ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ሲናገሩ ግን ለስለስ አድርገው፣ በጎን በኩል ነበር። 10 ሰው ሞተ። ከዚህ በኋላ ነው የአሜሪካ መርማሪዎች "ካፒቴኖችን መስማት፣ ረዳቶችን መናገር አስተምሩ" ያሉት። ናሳ በ1979 ስለዚሁ ጉዳይ ጉባኤ ጠራ፤ ዩናይትድ በ1981 ሥልጠናውን ጀመረ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ሲ.አር.ኤም. እየተባለ የሚሰጠው ትምህርት መነሻው ይህ ነው። ትርጉሙን በእኛ ቋንቋ እናሳጥረው፦ "አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም።"

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ደቾችና አሜሪካኖች ናቸው። "እኛ አበሾች ይሉኝታ ስላለን ነው" ብለን ራሳችንን ለብቻ ለመውቀስም፣ ለብቻ ለማመስገንም አይመችም። ለትልቅ ሰው መንበርከክ የሰው ልጅ ሁሉ ጠባይ ነው። ልዩነቱ፣ አንዳንዱ ባሕል ጠባዩን ይቀንሰዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ውሃ እያጠጣ ያሳድገዋል።

የእኛስ? የእኛ ቁስል ቤይሩት ነው። ጃንዋሪ 25 ቀን 2010፣ በረራ ቁጥር 409፣ ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ። ሌሊት ነበር፤ ማዕበልና መብረቅ ነበር። አውሮፕላኑ በተነሳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ወደቀ፤ በላዩ የነበሩት 90 ሰዎች ሞቱ። የሊባኖስ መርማሪዎች በ2012 ባወጡት ሪፖርት አደጋውን ከአብራሪዎቹ አያያዝ ጋር አገናኙት፤ ሁለቱ አብራሪዎች እንደሚገባ አልተደጋገፉም፣ አውሮፕላኑ ከመስመሩ ሲወጣ የሚጠበቀው ማሳሰቢያ አልተነገረም አሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መደምደሚያውን አልተቀበለም፤ የአደጋው ምክንያት ሌላ ነው ብሎ ተከራከረ። ክርክሩን እኛ አንፈታውም። ነገር ግን ማንም ትክክል ይሁን ማን፣ ሪፖርቱ ያነሳው ጥያቄ ለእኛ ትውልድ የተላከ ነው፦ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ጥቂት መቶ ሰዓት የበረረ ልጅ፣ ከ10 ሺህ ሰዓት በላይ የበረረ ሰው አጠገብ ተቀምጦ፣ በሌሊት፣ በማዕበል ውስጥ "ተሳስተሃል" ለማለት ምን ያስፈልገዋል?

ምከረው፣ ምከረው...

እስቲ ከየት እንደምንመጣ እንይ። ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ሲያወራ ልጅ ጣልቃ አይገባም። የማይጠይቅ ልጅ "ጨዋ" ይባላል፤ የሚጠይቅ ልጅ "ዓይን አውጣ" ይባላል። ትምህርት ቤት ገብተን ስድሳና ሰባ ሆነን ስንቀመጥ፣ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፈውን እንገለብጣለን። ሰሌዳው ላይ ስህተት ብናይ? እሱንም ጨምረን እንገለብጣለን! ፈተና ሲመጣ የሸመደደ ይወጣል። ዩኒቨርሲቲም ያው ነው። ሥራ ስንይዝ ደግሞ "ዝም አይነቅዝም" ይሉናል ቀድመውን የገቡት።

እንግዲህ ይህ ልጅ ነው ተመርጦ፣ ተመርምሮ፣ ተፈትኖ የፓይለት ኮሌጅ የሚገባው። ሽምደዳ እዚያም አብሮት ይሄዳል። የቀድሞ ጥያቄዎችን ሰብስቦ መልሱን መያዝ በዓለም ላይ ባሉ የፓይለት ተማሪዎች ሁሉ ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ዘዴውን ከሕፃንነታችን የተካንበት ነን። የአየር ሕግን ሸምድዶ 95 ማምጣት ይቻላል። "ካፒቴን፣ ይህ ልክ አይደለም" ማለት ግን አይሸመደድም።

የቋንቋችንንም ነገር አስቡት። አማርኛ ትልቅ ሰውን ያለ "እርስዎ" አያናግርም። "ይቅርታ ካፒቴን፣ እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ፣ ግን ትንሽ ፍጥነቱ የቀነሰ አይመስልዎትም?" ብለን እስክንጨርስ አውሮፕላኑ ስንት መቶ ሜትር ይወርዳል? ሙያው ይህን ችግር የፈታበት መንገድ ይገርማል። ማሳሰቢያዎቹን አሳጥሮ፣ ማዕረግና ማባበያ አውልቆ፣ አንድ ወይም ሁለት ቃል አደረጋቸው፦ "ስፒድ!"፣ "ባንክ አንግል!" አለቀ። ቃሉን የፈጠረው ልጁ አይደለም፤ መመሪያው ነው። ስለዚህ ልጁ ሲናገር ደፍሮ አይደለም፤ ታዞ ነው። ይሉኝታ መግቢያ ቀዳዳ አጣ ማለት ነው።

ሌላም ሕግ አለ። ብዙ አየር መንገዶች የሚያበረው ሰው ሁለት ጊዜ ተነግሮት ካልመለሰ፣ ሌላኛው አብራሪ መቆጣጠሪያውን እንዲረከብ ያዝዛሉ። ይህን ስንሰማ አንድ ተረት ትዝ ይለናል፦ "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው።" የአባቶቻችን ቁጥር ራሱ ሁለት ነው! ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ነው። መሬት ላይ ሁለቴ መክረህ እምቢ ያለህን ሰው ለመከራ ትተኸው ቤትህ ትገባለህ። ሰማይ ላይ ግን መከራው ሲመጣ አንተም አብረህ ነህ፤ ከኋላህም መቶ ሃምሳ ሰው አለ። ስለዚህ ሦስተኛው ላይ እጅህን ታነሳና አንተ ትይዘዋለህ።

ለሴት ሠልጣኝ ነገሩ ደራርቦ ይመጣል። እሷ ስታድግ በዕድሜዋም በጾታዋም "ድምፅሽ አይሰማ" የተባለች ነች። አየር መንገዱ በ2015 ከአብራሪ እስከ አስተናጋጅ በሴቶች ብቻ ወደ ባንኮክ ሲበር ብዙዎቻችን ፎቶውን አይተን አጨበጨብን። ይገባቸዋል። እኛ ግን የበለጠ የምናደንቀው ፎቶ የማይነሳውን ነው፦ እሷ በቀኝ ወንበር ተቀምጣ፣ አንድ የተከበሩ ሰው በግራ ተቀምጠው፣ በአንድ ተራ ማክሰኞ "ስፒድ!" ያለችበትን ሰከንድ።

361 ሰዓት

"የእናንተ ልጆች ሰዓታቸው ትንሽ ስለሆነ ነው እንጂ..." የሚል ክርክር አለ። ከባድ ክርክር ስለሆነ ዘለነው አናልፍም።

ማርች 10 ቀን 2019 በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነስቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ወደቀ፤ 157 ሰው ሞተ። ካፒቴኑ የ29 ዓመት ወጣት ሲሆን ከ8 ሺህ በላይ ሰዓት በሯል። ረዳቱ 25 ዓመቱ ነበር፤ የበረራ ሰዓቱ 361። ይህች ቁጥር ዓለምን ዞረች። አሜሪካ ውስጥ "የእኛ አገር ፓይለት ቢሆን ያድነው ነበር" ያሉ ፖለቲከኞች ሁሉ ነበሩ። በዚያ አገር የተሳፋሪ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ለመሆን ከ2013 ጀምሮ በመደበኛው 1,500 ሰዓት ይጠየቃል። ሕጉ የመጣው በ2009 ቡፋሎ አጠገብ ወድቆ 50 ሰው ከገደለው የኮልጋን አውሮፕላን በኋላ ነው። አስገራሚው ነገር፣ የዚያ አውሮፕላን ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ ነበራቸው።

አሁን የ302ን የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት አንብቡ። ኤምካስ የሚባለው የቦይንግ 737 ማክስ ሥርዓት በአንድ የተሳሳተ መለኪያ ተነድቶ አፍንጫውን ወደ መሬት ሲደፋ፣ በዚያ ሁሉ ማንቂያና ንዝረት መሐል፣ "ስታብ ትሪም ከት አውት" ብሎ ሁለት ጊዜ የተናገረው ማነው? ባለ 361 ሰዓቱ ልጅ። መመሪያው የሚለውን ማብሪያ ማጥፊያ ስሙን ጠርቶ እናጥፋው አለ። ካፒቴኑስ? "እኔ አውቃለሁ፣ ዝም በል" አለ? አላለም። ተስማማ። አጠፉት። አልዳኑም፤ በእጅ የሚዞረው ጎማ በዚያ ፍጥነት አልንቀሳቀስ አለ፤ ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ኤምካስም ተመለሰ። ኋላ የወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ላይ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የአብራሪዎቹም አሠራር የበለጠ መተንተን ነበረበት ብለው አስተያየት ሰጥተዋል፤ ይህንንም አንደብቅም። ነገር ግን አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ላይ 189 ሰው የገደለው ያው ሥርዓት ነበር። ቦይንግም የአሜሪካን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በማታለል ተከስሶ በ2021 ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማምቷል።

ሀድሰን ወንዝ ላይ በ2009 አውሮፕላን አሳርፈው 155 ሰው ያተረፉት ካፒቴን ሰለንበርገር የረዳቱን ሰዓት ማነስ መጀመሪያ ላይ አጥብቀው ተችተው ነበር። በሰኔ ወር በአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ሲቀርቡ ደግሞ፣ ሁኔታውን ራሳቸው በሲሙሌተር ሞክረው አብራሪዎቹ ምን ያህል እንደተጨነቁ እንደተረዱ መሰከሩ፤ ኤምካስ በዚያ መልኩ መጽደቅ አልነበረበትም አሉ። ልምድ አያስፈልግም እያልን አይደለም፤ እጅግ ያስፈልጋል። የምንለው፣ ሰዓት የሚቆጥረው መቁጠሪያ ድፍረትን አይቆጥርም ነው። ያ ልጅ በሕይወቱ ከባድ በሆነው ደቂቃ አልተንተባተበም። አጠገቡ የነበረው ካፒቴንም ሰማው። ስለ ሥልጠናችን ጥራት ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ከ361 ቁጥር ይልቅ ይህቺን አጭር ልውውጥ ቢያይ ይሻለዋል።

ዕዳ ያለበት ሰው አይናገርም

ከይሉኝታ ሌላ አፍ የሚለጉም ነገር አለ፦ ገንዘብ። የፓይለት ትምህርት ውድ ነው። አየር መንገድ ከፍሎለት የሚማር ሠልጣኝ በብዙ አገር ለዓመታት ለማገልገል ይፈርማል፤ ዋስ ይጠራል። በግሉ የሚማረው ደግሞ የቤተሰቡን ጥሪት ይዞ ይገባል። እንዲህ ያለ ልጅ አንድ ጠዋት ራሱን ቢያመው፣ እንቅልፍ ቢያጣ፣ አእምሮው ቢጨነቅ... ለማን ይናገራል? "አልቻልኩም" ማለት የአጎቱን ቤት መሸጥ ማለት ከሆነ?

የዚህ ነገር አስፈሪ ጫፍ ማርች 24 ቀን 2015 ታየ። የጀርመንዊንግስ ረዳት አብራሪ በሩን ከውስጥ ቆልፎ አውሮፕላኑን ከፈረንሳይ ተራራ ጋር አላተመው፤ 150 ሰው ሞተ። በሥልጠናው ዘመን በመንፈስ ጭንቀት ትምህርቱን አቋርጦ የተመለሰ ሰው ነበር። ለትምህርቱ 41 ሺህ ዩሮ ገደማ ተበድሮ እንደነበርም መርማሪዎቹ ጽፈዋል። ሕመሙን ቢናገር ፈቃዱን ያጣል፤ ፈቃዱን ቢያጣ ገቢውን ያጣል። ለፈጸመው ነገር ዕዳው ምክንያት ነው አንልም፤ በዓለም ላይ ስንቱ ዕዳ ያለበት ሰው በሰላም ይበራል። ነገር ግን መናገር በገንዘብ የሚያስቀጣበት ቤት ሠርተን "ተናገሩ" ብንል ማን ይሰማናል?

ታዲያ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ በክፍል ውስጥ ጥያቄ ማርክ ይኑረው። አሠልጣኝ ሰሌዳው ላይ ሆን ብሎ ስህተት ይጻፍ፤ ያረመው ይመስገን፤ የገለበጠው ይጠየቅ። ሲሙሌተር ላይም እንዲሁ፦ አሠልጣኙ በግራ ወንበር ተቀምጦ ቀስ እያለ ይሳሳት፤ ልጁ በስንተኛው ሰከንድ እንደሚናገር ይመዘን። እንዲህ ያሉ ልምምዶች በሙያው የታወቁ ናቸው፤ እኛ የምንለው በዓመት አንዴ የሚታለፍ ፎርም ሳይሆን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የዕለት እንጀራ ይሁን ነው።

ሁለተኛ፣ የተናገረ አይቀጣ። አሜሪካ ውስጥ ከ1976 ጀምሮ አብራሪዎች ስህተታቸውን በምስጢር ለናሳ የሚጽፉበት አሠራር አለ። ሳያስብ የተሳሳተና ራሱ የተናገረ ሰው ከቅጣት የሚጠበቅበት መንገድ አለው። ሪፖርቱን የሚቀበለው ፈቃድ ሰጪውና ቀጪው መሥሪያ ቤት ሳይሆን ሌላ ወገን መሆኑ ነው ብልሃቱ። የኮሌጅ ተማሪ ሳለ ይህን ያልለመደ፣ ካፒቴን ሲሆን አይለምደውም።

ሦስተኛ፣ የሥልጠና ውል ሲጻፍ ሕመም ከስንፍና ይለይ። ታሞ ያቆመ ሠልጣኝ እንደ ኮበለለ ሰው ዋሱ አይያዝ።

"ሁሉም ተናጋሪ ከሆነ ማን ያዝዛል?" የሚሉን አይጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ሙያው ራሱ ውስጥ አለ፦ የመጨረሻው ውሳኔ የካፒቴኑ ነው፤ መረጃው ግን የሁሉም ነው። ረዳቱ ሲናገር ሥልጣን አይቀማም፤ ዓይን ያውሳል። ማንም ሰው የገዛ ጀርባውን አያይም። አክብሮት ማለት ደግሞ ትልቁን ሰው ሲሳሳት እያዩ ከነስህተቱ መሸኘት ሳይሆን ከስህተቱ ማዳን ነው። እንዲያውም ከሁሉ በላይ መማር ያለበት በግራ የተቀመጠው ነው፤ "ካየኸው ንገረኝ" ብሎ በረራውን የሚጀምር ካፒቴን የልጁን ግማሽ ፍርሃት ገና መሬት ላይ ያወርድለታል።

እናንተ ደግሞ፣ በሚቀጥለው ማስታወቂያ ሰነዳችሁን ይዛችሁ የምትሰለፉ ወዳጆቻችን፣ ሒሳቡንና እንግሊዝኛውን አጥኑ። ከዚያ ጋር ግን አንድ ልምምድ ጨምሩ፤ ምንም ክፍያ የለውም። በዚህ ሳምንት አንድ የምታከብሩት ሰው ሲሳሳት ስታዩ፣ በትሕትና፣ በአጭሩ፣ ፊት ለፊት ንገሩት። ካልሰማ ድገሙት። ልባችሁ ሲመታ ይሰማችኋል። ከየትኛውም ሲሙሌተር በፊት የሚጀመር ሥልጠና ያ ነው።

ሰማዩን ማረስ ከጀመርን ሰማንያ ዓመት ሊሆነን ነው፤ አልፎናልም። የተረቱን ሁለተኛ ግማሽ ማፍረስ ግን የአየር መንገድ ሥራ ብቻ አይደለም። ሐኪም ቤት ነርሷ ለስፔሻሊስቱ፣ ቢሮ ውስጥ አዲሱ ሠራተኛ ለኃላፊው፣ ክፍል ውስጥ ተማሪው ለመምህሩ "ይህ ልክ አይደለም" ማለት ሲለምድ፣ ኮክፒት የሚገባው ልጅ ያንን ቃል ከቤቱ ይዞት ይገባል። እስከዚያው ድረስ ኮሌጁ በሁለት ዓመት ውስጥ የሃያ ዓመት ዝምታ ማስለቀቅ ይጠበቅበታል።

መልካም በረራ!